ወረርሽኝ በጓዳ፦ ከኅዳር በሽታ እስከ ኮሮና፣ በአቃቂ ቃሊቲ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



የወረርሽኝ ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው ከመንግሥት ሰነድ ተነሥቶ ነው። አዋጁ መቼ ወጣ፣ ስንት ሰው ታመመ፣ ስንቱ ሞተ፣ የትኛው ሕንፃ ለሕሙማን ተለየ የሚሉት ጥያቄዎች መልሳቸውን የሚያገኙት ከዚያ ነው። እኔ ዛሬ በጓዳ በር በኩል ልግባ። በወረርሽኝ ዘመን በቤት ውስጥ ምን ተሸመተ? ምንስ ከገበታ ቀረ? ከማን ጋር ተበላ? ውኃው ከየት መጣ፣ ማንስ ቀዳው? ሐዘንተኛውን ማን አጽናና? በእነዚህ ጥያቄዎች መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ፤ ወረርሽኝ ከሚያመጣቸው ለውጦች የትኞቹ ይሰነብታሉ፣ የትኞቹስ ከበሽታው ጋር ይሄዳሉ?

ይህን ለመመርመር አቃቂ ቃሊቲን መርጫለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩበት ሰፈር መሆኑ አንድ ምክንያት ነው፤ ዋናዎቹ ምክንያቶች ግን ሌሎች ናቸው። አንደኛ፣ ይህ ክፍለ ከተማ ከጅቡቲ ወደብ ወደ መዲናዋ የሚመጣው መንገድ መግቢያ ነው። የባቡር ሐዲዱ አቃቂ የደረሰው በ1907 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር። ሁለተኛ፣ ሥራውን ወደ ቤት ይዞ ሊሄድ የማይችል የፋብሪካ ሠራተኛ በብዛት የሚኖርበት ነው። ሦስተኛ፣ ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ዋነኛ ጉድጓዶች የሚገኙት እዚሁ አቃቂ ነው። ዕቃ፣ ጉልበትና ውኃ በአንድ ስፍራ የሚገናኙበት ቦታ የቤት ውስጥ ኑሮን ታሪክ ለማጥናት የተመቸ ነው።

፩. ከክፉ ቀን የምንማረው

ወደ ሰው ወረርሽኝ ከመግባቴ በፊት ስለ ከብት ወረርሽኝ ጥቂት ልበል። በሰሜን በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው ደስታ በሽታ አብዛኛውን የአገሪቱን የቀንድ ከብት ፈጀ። ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበትና ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን መጣ። በሬ በማለቁ እርሻው ቆመ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ሕዝቡ በእጁ እንዲያርስ አርአያ መሆናቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ወተትና ቅቤ ከጓዳ ጠፉ። ሃይማኖትና ልማድ የሚከለክሉት ሥጋ ሳይቀር ተበላ።

እዚህ ላይ ልብ የምንለው ነገር አለ። ያ ሁሉ የአመጋገብ ለውጥ ጥጋብ ሲመለስ አብሮ አልቆየም። ሰዎች የተከለከለውን ምግብ ትተው ወደ ቀድሞው ሥርዓታቸው ተመለሱ። ክፉ ቀን በቃል ትውፊት ውስጥ ጸንቶ ኖረ፤ በገበታ ላይ ግን ምልክት አልተወም። እጦት ያስገደደው ለውጥ እጦቱ ሲወገድ የሚያቆየው ምክንያት ያጣል ማለት ነው። ይህን እንደ መጀመሪያ መመዘኛ ያዙልኝ።

፪. የኅዳር በሽታ

በዓለም ዙሪያ «የስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ» የተባለው ወረርሽኝ አዲስ አበባን ክፉኛ የመታው በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ የቆመው ኅዳር 2 ቀን ነበር። መድፉ ዝም ባለበት ሳምንት በመዲናችን ቀባሪ ጠፋ። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለዚህ ወረርሽኝ ባደረጉት ጥናት እንደተመለከተው በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ድነዋል። ሕዝቡ በሽታውን በመጣበት ወር ስም ጠራው፤ ስሙም ቀረ።

በጓዳ ዓይን ስናየው የኅዳር በሽታ ልዩ ባሕርይ አንድን ቤተሰብ በአንድ ጊዜ መጣሉ ነው። ተራ ሕመም ሲሆን አንዱ ሲተኛ ሌላው ውኃ ያቀብላል፣ አጥሚት ያፈላል፣ ልጅ ይይዛል። ሁሉም በተኙበት ቤት ግን እሳት የሚያነድ የለም። በብዙ ቤት የገደለው ሕመሙ ብቻ እንዳልነበረ፣ ውኃ የሚያቀብል እጅ መጥፋቱም እንደነበረ መገመት አያስቸግርም። ቀብሩም እንዲሁ ሥርዓቱን አጣ፤ ብዙ አስከሬን በአንድ ጉድጓድ ተቀበረ፤ ባልተቀበረው ላይ ጅብ ሠለጠነ። ለሟች መቃብር መቆፈርን፣ ለቀስተኛን ማብላትን፣ አርባና ሰማንያ ማውጣትን የቤት ክብር ለሚያደርግ ማኅበረሰብ ይህ ከሞቱ ጋር የሚተካከል ስብራት ነበር።

ከዚያ ስብራት ምን ቀረ? በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ በየሰፈሩ የምናየው ጭስ ቀረ። ቤት ይጠረጋል፣ ግቢ ይጸዳል፣ ጥራጊው ተሰብስቦ ይነዳል። «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። በተለምዶ እንደሚነገረው መነሻው በወረርሽኙ ጊዜ ቆሻሻን በማቃጠል የተበከለውን አየር ለማንጻት የተደረገው ጥረት ነው። በዘመኑ በብዙ አገር በሽታ በክፉ አየር ይተላለፋል የሚል እምነት ገና ስላልጠፋ ድርጊቱ ለጊዜው ዕውቀት እንግዳ አልነበረም።

አሁን መመዘኛችንን እናሳድግ። ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው ይህ ልማድ ለምን ጸና? ሦስት ምክንያቶች ይታዩኛል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ መጥረጊያና ክብሪት ያለው ሁሉ ይፈጽመዋል። ጎረቤት ሁሉ በአንድ ቀን ስለሚያደርገው የቀረ ሰው ይታያል። ከታወቀ በዓል ጋር ስለተሳሰረ ቀኑን የሚያስታውስ መሥሪያ ቤት አያስፈልገውም። ወጪው ቀላል፣ አፈጻጸሙ የጋራ፣ ቀኑ የተወሰነ የሆነ ልማድ ይሰነብታል።

ልማዱ ሲሰነብት ግን ምክንያቱ ሊጠፋ ይችላል። በየዓመቱ አዲስ ለሚገቡ ተማሪዎች ኅዳር ለምን እንደሚታጠን እጠይቃለሁ። «ልማድ ስለሆነ»፣ «ለጽዳት» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው፤ የሞቱትን የሚጠቅስ ግን ከስንት አንድ ነው። በዚህ ላይ የሚነደው ነገር ተለውጧል። የ1911 ጥራጊ ገለባ፣ ቅጠልና ጨርቅ ነበር፤ የዛሬው ፕላስቲክና የመኪና ጎማ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ኅዳርን በማጽዳት እንጂ በማቃጠል አናክብረው ማለታቸው ስለዚህ ነው። ለመተንፈሻ አካል በሽታ መታሰቢያ የሆነ ልማድ ዛሬ ራሱ መተንፈሻን የሚጎዳ ሆኗል።

፫. 2012 ዓ.ም. በአቃቂ ቃሊቲ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና መጨባበጥ ተከለከለ፤ አሠሪ ሠራተኛ እንዳያሰናብት፣ አከራይ ተከራይ እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ታዘዘ፤ ታክሲዎች በግማሽ እንዲጭኑ ተደረገ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለው ፋሲካ ምእመናን ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እየተከታተሉ በየቤታቸው ያከበሩት ፋሲካ ሆነ። የረመዳን ጾምም በዚያው ወር ገባ፤ የተራዊሕ ሶላትና የጋራ ማፍጠሪያው ወደየቤቱ ተወሰነ።

«ቤት ተቀመጡ» የሚለው መመሪያ ቤት ምን እንደሆነ የታወቀ አድርጎ ይነሣል። በአቃቂ የቀበሌ ቤቶች ውስጥ አንድ ግቢ ለብዙ አባወራ ነው። ቧንቧው አንድ፣ መጸዳጃው አንድ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ አንድ ነው። የአንዱ ቤት የሚያልቅበትና የሌላው የሚጀምርበት ቦታ በግድግዳ እንጂ በኑሮ አይለይም። ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ ሲባል ክፍሉ ራሱ ከሁለት እርምጃ ብዙም የማይሰፋበት ቤተሰብ ነበር። የፋብሪካው ሠራተኛ ደግሞ ማሽኑን ቤቱ ወስዶ ሊያሠራው አይችልም። በዚህ ሰፈር ቤት መቀመጥ የቻሉት ሕፃናትና አዛውንት ሲሆኑ፣ ፈረቃ ውሎ የሚመለሰው አባት ወይም እናት ከደጅ ያለውን ስጋት ይዞ በየምሽቱ ይገባ ነበር።

ሸመታው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የነጭ ሽንኩርት፣ የዝንጅብል፣ የሎሚና የፌጦ ዋጋ ወደ ላይ ተተኮሰ። ዳማከሴና ጤና አዳም ከጓሮ ወደ ጉሊት ወጡ። የባሕር ዛፍ ቅጠል እየተፈላ ሰው በየቤቱ ይታጠን ጀመር። በ1911 ሰፈሩ ታጠነ፤ በ2012 ደግሞ በብርድ ልብስ ተከናንቦ ከድስቱ በላይ ያጎነበሰው ሰው ታጠነ። ግሡ ሳይለወጥ ድርጊቱ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ።

አቅም ያለው ጤፉን በኩንታል፣ ዘይቱን በጀሪካን፣ ፓስታውን በካርቶን ገዝቶ አከማቸ። የዕለት ገቢ ያለው ግን ዱሮም የሚገዛው በኪሎና በጣሳ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ማከማቸት የስጋት ምልክት የመሆኑን ያህል የደረጃ ምልክትም ነበር። ማከማቸት ያልቻለው ቤተሰብ መጠባበቂያው የሰፈር ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ሆነ። ጉሊት ላይ የሚቸረችሩ እናቶች ደግሞ ሌላ ችግር ገጠማቸው፤ ሰው ጥሬ የሚበላውን ሰላጣና ቲማቲም ፈራ፣ ጥሬ ሥጋም ለጊዜው ተፈራ። አንድ ዘላቂ ለውጥ የመጣው ግን በጅምላው ንግድ በኩል ነው። መጨናነቅን ለማስቀረት የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ከዚያም ጃንሜዳ ለጥምቀት ሲፈለግ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ወደ ፒያሳ አልተመለሰም። የከተማው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚከፋፈልበት ማዕከል በወረርሽኙ ሰበብ ወደ ደቡብ፣ ወደ እኛ አቅጣጫ ተጠጋ።

ውኃው። እጅን በሳሙና መታጠብ ከመመሪያዎች ሁሉ ቀላሉ ይመስላል። እስኪ እናስላው። አምስት ሰው ያለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን ስድስት ጊዜ ቢታጠብ፣ በአንድ ጊዜም አንድ ሊትር ቢፈጅ 30 ሊትር ይሆናል። ይህ ለእጅ ብቻ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተኩል ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያን ጀሪካን ሌሊት ተነሥቶ የሚሞላ፣ ተሸክሞም የሚያስገባ ሰው አለ። በአብዛኛው ሴት ወይም ልጅ ናት። በየግቢው በር ላይ ባለ ቧንቧ ጀሪካን ተሰቀለ፤ ሳሙናው እንዳይወሰድ በመረብ ታሰረ። ለከተማዋ ውኃ የሚቀዳባቸው ጉድጓዶች ባሉበት ክፍለ ከተማ ሰው ለእጁ ውኃ ሲቆጥብ ማየት ለታሪክ ተማሪ ብዙ የሚናገረው ነገር አለው።

ገበታው። በአንድ ትሪ ዙሪያ መቀመጥ፣ መጎራረስ፣ ቡና ሲፈላ ጎረቤት መጥራት የቤታችን ሕግ ነበር። አንዳንድ ቤት ምግቡን በየሰሃኑ መለየት ጀመረ። ለጎረቤት ይደረደር የነበረው ሲኒ ቁጥሩ ቀነሰ፤ ቡናው የቤት ሰው ብቻ የሚጠጣው ሆነ። በአሜሪካ የካንሳስ ግዛት በ1909 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሳንባ ነቀርሳን በመፍራት በባቡርና በትምህርት ቤት ሁሉም የሚጠጣበትን የጋራ ኩባያ ከለከለች፤ ከዚያ በኋላ የወረቀት ኩባያ ተስፋፍቶ ቀረ። እዚያ የተከለከለውን የሚተካ ርካሽ ዕቃ በፋብሪካ ተመረተ። እዚህ የጋራውን ትሪ ለመተካት የተጨመረው ሰሃን መልሶ የሚታጠብ ነው፤ የሚታጠብበት ውኃ ከዚያው ጀሪካን፣ የሚያጥበውም እጅ ከዚያው ሰው ነው። የእኛ የተለየ ሰሃን ለምን እንዳልጸና ከዚህ ይገባናል።

ጉልበቱ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ምሳ በቤት ተጨመረ። ትምህርት በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ሲሰጥ አንድ መሣሪያ ባለበት ቤት የስምንተኛ ክፍሉና የሦስተኛ ክፍሉ ልጅ ተሻሙ፤ መሣሪያ የሌለው ጎረቤት ሄዶ እንዳያይ ደግሞ መሰብሰብ ተከልክሏል። ብዙ ቤተሰብ በታክሲ እየተመላለሰች የምትሠራውን ሠራተኛ በሽታ ታመጣለች ብሎ አሰናበተ። አዋጁ ሠራተኛን ማሰናበት ሲከለክል በሁሉም ሰው አእምሮ ውስጥ የነበረው የፋብሪካና የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ተመላላሽዋን ማንም ሠራተኛ ብሎ አልቆጠራትም። የእሷ ሥራም አልጠፋም፤ ወደ እመቤቲቱና ወደ ሴት ልጆች ተላለፈ።

ለቅሶው። ከሁሉ የከበደው ይህ ነበር። ድንኳን አይተከልም፤ ለቀስተኛ አያድርም፤ ንፍሮ አይቀርብም። እኔ አባል የሆንኩበት ዕድር ለሐዘንተኛው ይሰጥ የነበረውን የምግብና የእንግዳ መስተንግዶ በጥሬ ገንዘብ ለውጦ ሰጠ፤ ወርሃዊ መዋጮውንም ገንዘብ ያዡ በየበሩ እየዞረ ሰበሰበ። በእንጨት አጥር በኩል ቆሞ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ መመለስ ለሚያውቁት ሁሉ መራራ ነበር። እንዲያም ሆኖ የ1911 ዓይነት ስብራት አልደረሰም። በ1911 ቀባሪ ጠፍቶ ነበር፤ በ2012 ዕድር የተባለው ተቋም በመኖሩ ሥርዓቱ አጠረ እንጂ አልተቋረጠም።

፬. ምን ቀረ?

ክትባት በአገራችን መሰጠት የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ ነው። በይፋ የተመዘገበው ሞት ከ7 ሺህ 500 በላይ ሆኖ ተቆጠረ። ይሁን እንጂ በጓዳ በኩል ወረርሽኙ ያበቃው ከዚያ ቀደም ብሎ ነበር። በየበሩ የተሰቀሉት ጀሪካኖች መጀመሪያ ሳሙናቸው፣ ቀጥሎ ውኃቸው፣ በመጨረሻ ራሳቸው ጠፉ። ጭምብል ቀረ። መጨባበጥና በትከሻ ሰላምታ መሰጣጠት ተመለሰ። ሰሃኑ እንደገና ወደ አንድ ትሪ ተሰበሰበ። እነዚህ ሁሉ በየቀኑ ገንዘብ፣ ውኃ ወይም የሴት ጉልበት የሚጠይቁ ነበሩ።

የቀሩትስ? ለቅሶ በብዙ ቤት አጥሯል፤ ሦስት ቀን የሚቀመጥ የነበረ ዛሬ ከቀብር መልስ ይበተናል። ከዕድሮች አንዳንዶቹ መስተንግዶን በገንዘብ መተካታቸውን ቀጥለዋል። ልብ በሉ፤ የጸኑት ወጪ የሚቀንሱት ናቸው። ከኅዳር 12 ያገኘነው መመዘኛ እዚህም ይሠራል።

ሆኖም የታሪክ ተማሪ አንድ ጥንቃቄ አይለየው። ወረርሽኝ ብቻውን አይመጣም። ክፉ ቀን ከድርቅ ጋር፣ የኅዳር በሽታ ከዓለም ጦርነት ማግሥት ጋር እንደመጡ ሁሉ፣ ኮሮናም በጥቅምት 2013 ከተነሣው የሰሜኑ ጦርነትና ከኑሮ ውድነቱ ጋር ተደራርቧል። በዚያው ዓመት ግንቦት ቴሌብር ሥራ ጀመረ። ዛሬ ዕቁቡን በስልክ የሚከፍል ሰው በኮሮና ምክንያት ነው ቢል በከፊል እንጂ በሙሉ ልናምነው አንችልም። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያነጋገራቸውን የአዲስ አበባ ቤተሰቦች በዓመቱ በስልክ መልሶ ሲጠይቅ፣ ብዙዎቹ ገቢያችን ቀነሰ ቢሉም የምግብ ፍጆታቸው በአማካይ ብዙም እንዳልተለወጠ አገኘ። ይህ ግኝት ጠቃሚ ነው፤ ከተማው እንዳልተራበ ይነግረናል። አማካይ ግን ጓዳውን አይከፍትም። ፍጆታው ያልቀነሰው እናት ምሳዋን ስለተወች፣ ባለሱቁ ዱቤ ስለሰጠ፣ ወይም ቁጠባ ስለተበላ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚነግረን ሌላ ዓይነት ሰነድ ነው።

፭. ስለ ሰነዱ

ያ ሰነድ አለ፤ በየቤታችን አለ። የባለሱቁ የዱቤ ደብተር በየትኛው ሳምንት የማን ቤት ከሥጋ ወደ ሽሮ እንደወረደ ያሳያል። የዕድር ቃለ ጉባኤ ድንኳን መትከል መቼ እንደቆመና በምን ክርክር እንደተመለሰ መዝግቧል። የሸማቾች ማኅበር የዘይትና የስኳር ማደያ መዝገብ አለ። የፋብሪካ የፈረቃ መቆጣጠሪያ አለ። ስለ 1911 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ሰነድ ቢኖረን ኖሮ በየትኛው ሰፈር ማን ለማን ውኃ እንዳቀበለ እናውቅ ነበር። ዛሬ ያለን በአብዛኛው የመኳንንቱና የውጭ ሰዎች ምስክርነት ነው።

ይህን የምለው ጊዜ ስላለን አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ የዕድር ጸሐፊ የ2012ንና የ2013ን መዝገብ እንዲያሳየኝ ጠይቄው ነበር። ስሙንም የዕድሩንም ስም አላነሣም። አዲስ ደብተር ስለተከፈተ አሮጌው ከሌላው ጥራጊ ጋር ተቃጥሏል አለኝ። መቼ ብዬ ስጠይቀው፣ ኅዳር 12 ቀን ነው አለኝ። የአንዱ ወረርሽኝ መታሰቢያ የሌላውን ወረርሽኝ ማኅደር በላው ማለት ነው።

ስለዚህ ለሁለት ወገን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ለዕድርና ለማኅበር ተወካዮች፦ የእነዚያን ሁለት ዓመታት ደብተሮች አታቃጥሉ፣ በኪሎም አትሽጡ። የምታስቀምጡበት ቦታ ካጣችሁ የትምህርት ክፍላችን ተረክቦ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ የሰው ስም ሸፍኖ ይመልስላችኋል። ለተማሪዎቼ፦ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትፈልጉ ሩቅ አትሂዱ። የእናታችሁን ጀሪካን ቁጠሩ፤ በ2012 ማን ይሞላው እንደነበረ ጠይቁ፤ የተሰናበተችውን ተመላላሽ ፈልጋችሁ የት እንደደረሰች ጻፉ። ያዩት ሰዎች በሕይወት አሉ፤ ያስታውሳሉም። የ1911ን ያዩትን ለመጠየቅ ግን ዘግይተናል።

 አሁን ጥያቄ ያለው ሰው እጁን ያንሣ።